አጎት ላይ በራሳቸው ጠረጴዛ ፊት ወረፋ የያዙ ዕለት

በባሕር ዳር መንደራችን በሎንግዌይ ሆንግ ቲየንላይን የማያውቅ ሰው የለም፤ እሳቸው ያልተቆጡትም የለም። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከስማቸው መጨረሻ ቆርጠን ሁላችንም አጎት «ላይ» እንላቸዋለን። እኔ ፀጉር አስተካካያቸው ነኝ። በወር አንዴ ይመጡና፣ የቀረቻቸው ፀጉር የአሥር ደቂቃ ሥራ ሆና ሳለ፣ ወንበሬ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሉ። የሚያወሩት ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ነው፤ ስለ ጠረጴዛ እና ስለ ግራ እጅ።

ጠረጴዛው ሙያቸው ነው። በመንደራችን በባሕር እናት መቅደስ የመባ ጠረጴዛ የሚያሰናዱት እሳቸው ናቸው፤ አርባ ዓመት ሆናቸው። ቀዩ ጨርቅ በየት በኩል እንደሚወርድ፣ አናናሱ ከብርቱካኑ በየትኛው ጎን እንደሚቀመጥ፣ ዘይቱን የተባለው ፍሬ ለምን እናቲቱ ፊት እንደማይቀርብ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሌላው የሚያውቅ ቢኖር እንኳ እሳቸው አያምኑትም። ሚስት አላገቡም። ጠረጴዛ አዘረጋጓ የሚያረካቸው ሴት አልተገኘችም ብለን እናማቸዋለን።

ግራ እጁ የሩዪን ነው። ሩዪን የወንድማቸው ልጅ ናት። አባቷን ባሕር ሲወስደው ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ያሳደጓት አጎት ላይ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ለመንደር ሹምነት ተወዳደረች። ተፎካካሪዋ አቶ ሹ ነበሩ፤ ስምንት ዓመት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ በየዓመቱ የራሳቸውን ደጃፍ አስፋልት ያሳደሱ ሰው። ቆጠራው ሲያልቅ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ለሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሆነ። ድምፅ እኩል ከወጣ ሕጉ ዕጣ ይጣል ነው የሚለው። ሁለት እንጨቶች፣ አንዱ ምልክት ያለው አንዱ ባዶ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ገቡ። ሩዪን ግራኝ ናት፤ በለመደችው እጅ መዘዘች፤ ባዶው ወጣላት።

«በቀኝሽ ብያት ነበር!» አሉ አጎት ላይ በማግስቱ ወንበሬ ላይ። በወሩም ይህንኑ አሉ። አራት ዓመት ሙሉ አሉ። ሩዪን በግራዋ የመብያ እንጨቶቿን ስታነሳ፣ «ይኸው፣ ሹመት የጣለ እጅ!» ይሏታል እንግዳ ፊት። እሷ ቀና ሳትል ሩዟን ትበላለች።

ዘንድሮ ደግሞ ሩዪን አንድ ነገር ተናገረች። «ኅዳር ላይ እንደገና እወዳደራለሁ። ከተሸነፍኩ ግን ቤቱን ለቅቄ ዋና ከተማ ታይፔ፣ ጓደኛዬ ስፌት ቤት እገባለሁ። እዚህ ቁጭ ብዬ እስከማረጅ የአቶ ሹን አስፋልት አላይም።» አጎት ላይ ይህን የሰሙ ሰሞን ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ መጥተው አንድ ቃል ሳይናገሩ ተነሥተው ሄዱ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ፈራሁ። ከአራት ዓመት ጩኸታቸው ይልቅ የአሥር ደቂቃ ዝምታቸው ከበደኝ።

ሐምሌ ላይ በባሕር ዳርቻችን የሙዚቃ በዓል አለ። ሃያ ሺህ ወጣት ከየከተማው ይመጣል፣ አሸዋችን ላይ ሦስት ቀን ይዘላል፣ ይሄዳል። አዘጋጆቹ ለመንደሩ ሰው በዳር በኩል ጥቂት ጠረጴዛ ይሰጣሉ። ሩዪን አንዱን ጠየቀች። ከሃያ ሺሁ ውስጥ እኛ መንደር የሚመርጥ አርባ ሰው ቢገኝ ነው፤ ታይፔ እየኖሩ መዝገባቸው ገና እናታቸው ቤት ያለ የመንደራችን ልጆች። ሥራችን እነዚያን አርባ ልጆች ከሃያ ሺህ ላብ መሀል ፈልገን፣ ኅዳር ላይ ለምርጫው እንዲመጡ ማስማል ነበር።

በጎ ፈቃደኞቹ ሦስት ነን። እኔ አለሁ፤ ፔይሻን አለች፤ የጀልባ ጠጋኙ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምታጠና፣ በዓይኗ መነጽር በአፏ አንቀጽ የማይጠፋ ልጅ። ሦስተኛው አጎት ላይ ናቸው። ሩዪን ሥራ ስታከፋፍለን፣ «አጎቴ ጠረጴዛውን ያሰናዳ» አለች። ማናችንም ምንም አልመሰለንም።

እኔ የጠዋት ደንበኞቼን ጨርሼ በአራት ሰዓት ስደርስ ጠረጴዛው ተሰናድቷል። ቀይ ጨርቅ እስከ አሸዋው ወርዷል። ከፊት አምስት የሻይ ስኒዎች ተደርድረዋል። በስተቀኝ አናናስ፣ በስተግራ ብርቱካን። መሀል ላይ የሩዪን ትልቅ ፎቶ በወርቃማ ክፈፍ ቆሟል፤ ፎቶ አንሺው ማዲያቷን ሁሉ ጠርጎ፣ አገጯን አሹሎ፣ ቆዳዋን እንደ እንቁላል ያለሰለሰው ፎቶ። ከፎቶው ፊት አሸዋ የሞላ ማሰሮ አለ። እሳት ክልክል ስለሆነ ጧፍም ዕጣንም የለበትም፤ በዕጣኑ ፋንታ ሰባት የሻይ መምጠጫ ስትሮዎች ቀጥ ብለው ተተክለዋል። የቅስቀሳ ወረቀቶቻችን በቀይ ሪባን ታስረው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ከነሱ አጠገብ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉት፣ እየጣልን አማልክትን የምንጠይቅባቸው ሁለቱ እንጨቶች አሉ።

«አጎት ላይ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛ አሰናዳ ተባልኩ፣ አሰናዳሁ።»

«በሕይወት ያለ ሰው ፎቶ እንደ ሙት አናናስ መሀል ይቀመጣል?»

«ታዲያ ዘይቱን መሀል ላስቀምጣት?»

ያን ጊዜ ነው ወረፋውን ያየሁት። አሥራ አምስት የሚሆኑ ወጣቶች ከጠረጴዛው ፊት ተሰልፈዋል። አንዱ ተራው ደርሶ እጆቹን አጋጥሞ ሦስት ጊዜ ሰገደ፣ እንጨቶቹን አሸዋው ላይ ጣለ፣ አየ፣ ደስ ብሎት ሄደ።

ለካ ጠዋት አንድ ፀጉሩን ወይን ጠጅ የተቀባ ከበሮ መቺ በዚያ ሲያልፍ ደመና ነበር። ጠረጴዛውን አይቶ የመንደሩ ሴት አምላክ መስላው፣ «እባክሽ የእኛ ተራ እስኪያልፍ አይዝነብ» ብሎ እንጨቱን ጣለ። እንጨቱ አንዱ በሆዱ አንዱ በጀርባው ወደቀ፤ ይኼ እኛ ዘንድ «እሺ» ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው!

ፔይሻን በንዴት ቀልታለች። «አክስቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሳስረዳ ድምፄ ጠፋ! ዕጩ ናት እላለሁ፣ እነሱ ‹የምን ዕጩ፣ የሰማይ?› ይሉኛል።»

አንዲት አፍንጫዋ ላይ ቀለበት ያደረገች ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። «እትዬ፣ መቼ ነው ያረፉት?»

«አላረፈችም! ሩዝ ልትበላ ሄዳለች።»

«ደጋጎቹማ መቼ ይሞታሉ!» አለችና ደግማ ሰገደች።

እስከ ምሳ ሰዓት ወረፋው ከመጸዳጃው ወረፋ በለጠ። ጠረጴዛችን በቢራ ቆርቆሮ፣ ስኩዊድ በሚሉት የባሕር እንስሳ ጥብስ፣ በጊታር ክር ተሞላ። የድምፅ ማጉያው ቴክኒሻን ሳይቀር አረንጓዴ የብስኩት ከረጢት ይዞ መጣ፤ ማሽን እንዳያምፅ ማሽኑ ላይ የሚያስቀምጡት ዓይነት። «እሷ ፊት ትንሽ ይቆይና እወስደዋለሁ፣ መሀለኛው ድምፅ ማጉያ ከትናንት ጀምሮ ሰይጣን ገብቶበታል» አለ። ስለ አውቶቡስ መሥመርና ስለ ፍሳሽ ቦይ የጻፍናቸውን ወረቀቶች ልጆቹ እያጠፉ የስልካቸው ሽፋን ውስጥ ከተቱ፤ ክታብ መስሏቸው ነው። አንድም ያነበበ የለም። አጎት ላይ ግን በደስታ አበጡ። ወዲያ ወዲህ እያሉ ያርማሉ። «አንተ፣ እንደዚህ ነው የሚሰገደው? ቁምጣህን ሳብ አድርግ! አንቺ፣ ስኩዊዱን ከአናናሱ አርቂው!»

ያም ሆኖ የእኛ ልጆች ብቅ ብቅ አሉ። ፔይሻን ከጠረጴዛው ጎን የካርቶን ሳጥን አቁማ፣ የልምምድ ድምፅ መስጫ ወረቀትና ማኅተም ይዛ፣ መጀመሪያ ጊዜ ለሚመርጡት ታስተምራለች። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም አራት የመንደራችን ልጆች ከበቧት። አጎት ላይም ለማረፍ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ አራት ዓመት የታመቀ ነው። እኛ አገር ድምፅ ሲቆጠር በአደባባይ ነው። ቆጣሪው እያንዳንዱን ወረቀት ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ ያሳያል፣ ስም ይጠራል፣ ሌላው ሰሌዳ ላይ ይጭራል። ያን ዕለት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ስድሳ የምንሆን ሰዎች ነበርን፤ ሩዪን ከፊት ቆማለች። አጎት ላይ ግን አልነበሩም፤ መቅደስ ሄደው ለድሏ የምስጋና ጠረጴዛ እያሰናዱ ነበር። ቆጣሪው አንዲት ወረቀት አነሣ። ከሩዪን ስም በላይ የጣቢያው ማኅተም በትክክል አርፏል። ከጎኑ ደግሞ ሌላ ማኅተም፣ አራት ማዕዘን፣ ቀይ፣ ጎላ ያለ፤ «ሆንግ ቲየንላይ»። መራጭ በፊርማ ፋንታ መዝገቡ ላይ የሚያትምበትን የገዛ ማኅተሙን ይዞ ነው ጣቢያ የሚገባው፤ እሳቸው መዝገቡ ላይ አትመው አልበቃቸውም፣ ወረቀቷም ላይ ደገሙት። የግል ማኅተም ያረፈባት ወረቀት ደግሞ ዋጋ የላትም። «ውድቅ!» አለ ቆጣሪው። ያቺ ወረቀት የሩዪን ሦስት መቶ አሥራ ሦስተኛ ትሆን ነበር።

ስድሳችንም ወደ ሩዪን ዞርን። እሷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። የጎረቤት ዶሮ ስንት እንቁላል እንደጣለች ሳታወራ የማታልፍ መንደር፣ ይህችን ነገር አራት ዓመት አፍና ያዘች። አጎት ላይ «ግራ እጅ! ግራ እጅ!» እያሉ ሲጮሁ ሁላችንም ጫማችንን እናያለን። ፔይሻን ግን ያኔ ታይፔ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበረች፤ ማንም አልነገራትም።

«እሺ፣ አሁን ዋናውን ስሙኝ» አለች ፔይሻን ለልጆቹ። «የራሳችሁን ማኅተም መዝገቡ ላይ ብቻ…»

«ፔይሻን!» አልኩ። «ነይ እስቲ ይኼን ስኩዊድ አንሺልኝ!»

«ልጨርስ አክስቴ። መዝገቡ ላይ ብቻ ነው የምታትሙት። ድምፅ መስጫው ላይ ካተማችሁ ድምፃችሁ ሞተ።»

ልጆቹ ሳቁ። «እንዲህ የሚያደርግ ሞኝ አለ?» አለ አንዱ።

አጎት ላይም አብረው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው በመሀል ቆመ። «አንቺ ልጅ… ሁለቱም ቢመታስ? የጣቢያውም፣ የሰውየውም?»

«ያው ነው አጎቴ። ውድቅ ነው።»

«ከልቡ ቢሆንስ ያተመው?»

«ሕጉ ስለ ልብ የሚለው ነገር የለም።»

አጎት ላይ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ያስተካከልኩት ራሳቸው በፀሐዩ አብረቀረቀ። በጣታቸው አሸዋው ላይ ቁጥር ጻፉ፣ አንድ ጨመሩበት፣ በመዳፋቸው አጠፉት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ምናለ ያን ጊዜ ስኩዊዱን ባላየሁ! አቀርቅሬ ስኩዊዱን ሳይ ሁሉንም አወቁ።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አጎት ላይ…»

«ስንት ሰው ያውቃል?»

«መንደሩ» አልኩ። ምን ልበል?

ተነሡና ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ ሩዪን ፎቶ አመሩ። ይሄኔ የዳይኖሰር ልብስ የለበሰ ጎረምሳ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«አባባ፣ ወረፋ አለ።»

«ይኼ እኮ የእኔ ጠረጴዛ ነው!»

«የሁላችንም ናት አባባ። እኛ አርባ ደቂቃ ቆመናል።»

ሌላ ቀን ቢሆን ያን ዳይኖሰር በጅራቱ ይጎትቱት ነበር። ያን ቀን ግን ጸጥ ብለው ወደ ወረፋው መጨረሻ ሄደው ቆሙ፤ ሰባ አንድ ዓመታቸውን ይዘው፣ አረንጓዴ ጅራት እየተከተሉ። አብሬያቸው ልቆም ብል በእጃቸው መለሱኝ።

ሩዪን ከቤት ቤት ስትቀሰቅስ ውላ ስትመለስ እሳቸው ወረፋው መሀል ደርሰዋል። ላብ በላብ ሆናለች፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ማዲያቷ በቦታው ነው። በጠረጴዛው ላይ የራሷን ፊት፣ ስኩዊዱንና ስትሮውን አይታ አፏን ከፍታ ቀረች። ወደፊት ልትሄድ ስትል ባለ አፍንጫ ቀለበቷ ልጅ፣ «እትዬ፣ ሁሉም ሰው ችግር አለበት፣ ተራሽን ያዢ» አለቻት። ከፎቶው ጋር አላገናኘቻትም፤ ማን ያገናኛል! እኔ እየሮጥኩ ሄጄ በጆሮዋ ነገርኳት። «ፔይሻን አፈረጠችው። አውቀዋል።» ሩዪን አጎቷን ፈለገች፣ አየች፣ የሰዉን ቁጣ ከምንም ሳትቆጥር ሄዳ ከኋላቸው ቆመች። እሳቸው አላዩዋትም።

ተራቸው ደረሰ። ተንበረከኩ። እኛ ስንለምን መጀመሪያ ስም፣ በእንስሳ ስም የሚጠራውን የልደት ዓመታችንንና አድራሻ እንናገራለን፤ አለበለዚያ በረከቱ ሌላ ሰው ቤት ይገባል።

«ሆንግ ቲየንላይ ነኝ» አሉ ለፎቶው፣ ጮክ ብለው። «በአንበጣ ዓመት… ምን ነካኝ፣ በበግ ዓመት የተወለድኩ። ሎንግዌይ፣ የወደብ መንገድ፣ ቁጥር ዐሥራ ሰባት። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ አብረን ነው የምንኖረው።»

ከኋላ አንድ ሰው «ከሴቲቱ አምላክ ጋር ነው የሚኖሩት!» አለ በመገረም።

«አራት ዓመት እጅሽን ሰደብኩ። የጣለሽ የእኔ እጅ ነው። ይቅር ትይኛለሽ ወይ?» ብለው እንጨቶቹን ጣሉ።

ሁለቱም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ወደቁ። ይኼ «እሺ»ም «እምቢ»ም አይደለም፤ የተለመነችው እየሳቀች ነው ማለት ነው። አጎት ላይ ድጋሚ ጣሉ፤ ሳቀች። ሦስተኛ ጣሉ፤ ሳቀች። ከበግ ዓመት ጀምሮ ሲኖሩ እንዲህ ያለ ነገር አላዩም፣ እኔም አላየሁም።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ አጎት ላይ። «የጣቢያው ማኅተም የማንም ነው፣ ለሁሉም የሚሰጥ። ወረቀቷ የኔ መሆኗን በምን ታውቃለች አልኩ። እንድታውቂ ብዬ ነው ስሜን ያተምኩበት።»

«አውቄልሃለሁ» አለች ሩዪን ከኋላቸው።

ዞረው አዩዋት። ከዚያ ፎቶውን አዩ። ከዚያ እንደገና እሷን።

«ወረቀቷ ስትነሣ ከፊት ቆሜ ነበር አጎቴ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው መረጠኝ አሉኝ፤ ማን ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ከስድስት መቶ በላይ መራጭ ባለበት መንደር እሱ መርጦኛል ብዬ የምምልበት አንድ ሰው ብቻ አለኝ። ያ ለእኔ ውድቅ አይደለም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እጄን ብትሰድብ እጄ ይችላል። አንተ ራስህን መስደብ ብትጀምር ግን መቼ ታቆማለህ?»

አጎት ላይ ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። ዳይኖሰሩ ራሱን አውልቆ ያለቅሳል። ባለ አፍንጫ ቀለበቷ ልጅ እያየች፣ እያየች፣ «እናቴ! በሥጋ ተገለጠች!» ብላ ጮኸችና ስልኳን አነሣች። ሃያ ሺሁ ሰው ወደኛ ሲጎርፍ ፔይሻን በርጩማው ላይ ወጥታ፣ «ኅዳር ላይ ሎንግዌይ የምትመርጡ ብቻ! ሌሎቻችሁ ወደ ሙዚቃችሁ!» እያለች ያለ የሌለ ድምፅዋን ጨረሰች። በዚያ ግርግር መሀል ከአርባዎቹ ሃያ ስድስቱ ተገኙ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሊያዩ ራሳቸው መጡልን።

ሩዪን እጇን ዘረጋች። «ማኅተምህን አምጣ። ከምርጫው በኋላ እመልስልሃለሁ።»

አጎት ላይ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧት።

ኅዳር ላይ አጎት ላይ መዝገቡ ላይ በብዕር ፈርመው መረጡ። ለቆጠራው ከሁሉ ቀድመው መጥተው ከፊት ቆሙ፤ መቅደስ ጠረጴዛ አላሰናዱም። የሚነሣውን እያንዳንዱን ወረቀት አንገታቸውን አስግገው መረመሩ። ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ ለሦስት መቶ አሥር። ሰዉ ሲጨፍር እሳቸው ከአዳራሹ እስከ ወደቡ ድረስ እየተነጫነጩ ሄዱ።

«የኔዋ የትኛዋ እንደነበረች አላወቅኋትም። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው! አንድ ሰው እንኳ እንዴት ይለያት?»

ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ ሩዪን ማኅተሙን ከኪሷ አወጣች። ሳታስበው ነው መሰለኝ፣ በለመደችው በግራ እጇ ነበር የሰጠቻቸው። አጎት ላይ የሆነ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ መልሰው ዘጉትና በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።